ሁለት መቶ ኪሎ ይበቃናል (ለዚያውም ከበዛ)

ሞተር ነድታችሁ አንድ ካፌ በር ላይ ስታቆሙ የሚመጣባችሁ የመጀመሪያ ጥያቄ የታወቀ ነው። «ስንት ሲሲ ናት?» የት ደርሳችሁ እንደመጣችሁ፣ መንገዱ ምን እንደሚመስል፣ ስንት ጊዜ እንደወደቃችሁ የሚጠይቅ የለም። ሲሲ ብቻ! ጠያቂው መልሳችሁን በቅጡ ሳይሰማ ስልኩን ያወጣና የአንዲት ጀርመን ሠራሽ ሞተር ፎቶ ያሳያችኋል፤ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ምናምን ሲሲ፣ ግራና ቀኟ የአልሙኒየም ሻንጣ፣ ፊቷ ላይ ምንቃር የመሰለ ነገር። «ለተራራ እቺን ነበር» ይላል በረጅሙ ተንፍሶ። ተራራ ላይ ሞተር ነድቶ አያውቅም። ያቺን ሞተርም በአካል አይቷት አያውቅ ይሆናል። ፎቶዋ ግን ከእጮኛው ፎቶ ቀድማ ትገኛለች።

እኛ ዛሬ ይህንን ጉራ ልንቃወም ተነስተናል። ድንጋይ በበዛበት የተራራ መንገድ ላይ ትልቅ ሞተር ሸክም ነው። በኪሎ የሚመዘን፣ በወገብ የሚሰማ ሸክም ማለታችን ነው። ለእንዲህ ያለ መንገድ መካከለኛዋ ሞተር ትሻላለች፤ እንዲያውም እሷም ብትሆን ትበዛ ይሆን ወይ የሚል ጥርጣሬ አለን (እዚያ ላይ እንደርሳለን)።

መካከለኛ ስንል በግምት ከ400 እስከ 800 ሲሲ ያሉትን፣ ነዳጅ ሞልተው 200 ኪሎ አካባቢ የሚመዝኑትን፣ አስፋልቱንም ኮረኮንቹንም እንዲችሉ ተደርገው የተሠሩትን ነው። ሕንዶቹ የሚሠሯት ሮያል ኤንፊልድ ሂማላያን አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2016 በ411 ሲሲ ወጣች፤ በ2023 መጨረሻ ደግሞ በ452 ሲሲና በ40 የፈረስ ጉልበት ታድሳ መጣች። ክብደቷ 196 ኪሎ ነው። የጃፓኖቹ ያማሃ ቴኔሬ 700 ደግሞ 689 ሲሲ ሆና 204 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። ካፌ ውስጥ በፎቶ የምትመለከው የቢኤምደብሊው አር 1250 ጂኤስ 249 ኪሎ ናት፤ አድቬንቸር የሚባለው ዓይነቷ 268። እንግዲህ በመካከለኛዋና በትልቋ መካከል ያለው ልዩነት ከግማሽ ኩንታል ጤፍ ይጀምራል። ሻንጣውን፣ ድንኳኑንና ውኃውን ሳንጨምር ነው። ግማሽ ኩንታል ጤፍ ተሸክሞ ገደል የሚወርድ ሰው ብታዩ ጀግና ትሉታላችሁ ወይስ አንድ ነገር ሆኗል ትላላችሁ?

ነገሩን በወሬ አናድርገው፤ ሳነቴን እንውሰድ።

ከጎባ ተነስታችሁ ወደ ደሎ መና ስታመሩ መንገዱ ጽዱን፣ ኮሶውን፣ ከዚያ አስታውን እያለፈ ሳነቴ አምባ ላይ ያወጣችኋል። ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። በአፍሪካ ክረምት ከበጋ ከሚያስኬዱ መንገዶች ከፍተኛው ይህ ነው ይባልለታል። በስተቀኝ የሚገነጠል መንገድ ደግሞ እስከ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣ እስከ 4,377 ሜትር ድረስ ይወጣል። ዛፍ የለም። ጅብራው እንደ ዘበኛ እዚህም እዚያም ቆሟል፣ ድንጋዩ ላይ ነጫጭ ሽበት በቅሎበታል፣ ንፋሱ ሄልሜታችሁ ውስጥ ገብቶ ያፏጫል። ሦስት ሆነን ነው የሄድነው፤ ሁለት መካከለኛና አንዲት 200 ሲሲ የእርሻ ያማሃ፣ ሁሉም የተዋስናቸው። (ሴቶች መሆናችን ሮቤ ላይ ነዳጅ ለሚቀዳው ልጅ ከሲሲው የበለጠ ደንቆታል። ቢያንስ ጥያቄው ተቀየረ!)

እዚያ ከፍታ ላይ መጀመሪያ የሚከዳችሁ አየሩ ነው። በ4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሞተር የሚያቃጥለው ቤንዚኑን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ነውና አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም አብሮ ይሳሳል። በወረቀት ላይ 40 ፈረስ የተባለችው ሳነቴ ላይ ስትደርስ 25 ፈረስ ገደማ ሆናለች። ለነገሩ አዲስ አበባ ቆማችሁ እያለ ሩብ ያህሉ ቀድሞ ሄዷል፤ ሻጩ አይነግራችሁም እንጂ። በኮምፒውተር የሚመገቡት አዳዲሶቹ ቤንዚኑን ከአየሩ ጋር አስተካክለው ስለሚያቃጥሉ ጭስ አይተፉም፣ አያስነጥሱም። የሌለውን አየር ግን ከየት ያመጣሉ?

እዚህ ላይ የካፌው ወንድማችን ብድግ ይላል። «በቃ! ለዚህ እኮ ነው ትልቋን ያልኩት። እሷ አርባ በመቶ ቢቀነስባትም ሰማንያ ፈረስ ይተርፋታል!» እውነቱን ነው፣ ይተርፋታል። ግን ምን ታደርግበታለች? ከራስ ቅል የሚበልጥ ድንጋይ በተዘረጋበት መንገድ ላይ በአንደኛ ማርሽ፣ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ፣ ፍሪሲዮኑን በሁለት ጣት ይዛችሁ ትንሽ ለቀቅ ትንሽ ሳብ እያደረጋችሁ ነው የምታልፉት። ሰማንያ ፈረስ ይቅርና ሃያውንም አትጠቀሙበትም። ከፍታ ጉልበትን ይቀንሳል፤ ከክብደት ግን አንዲት ኪሎ አይቀንስም። 249 ኪሎዋ ጅቡቲ ወደብ ላይም 249 ናት፣ ቱሉ ዲምቱ ላይም 249 ናት። በተራራ ላይ የሚቀንሰው የእናንተ ትንፋሽ ነው።

ድንጋይ ላይ መንዳት ካላያችሁት አስፋልት ላይ ከመንዳት ጋር አንድ ሙያ ይመስላችኋል። ቆማችሁ ነው የምትነዱት። መቀመጫውን ትለቁና የእግር ማሳረፊያው ላይ ትቆማላችሁ፣ ጉልበታችሁ እጥፍ ዘርጋ እያለ ሞተሩ ከሥራችሁ እንደፈለገ ይደንሳል። የሚከብደው ነገር መሪውን ጨምድዶ አለመያዝ ነው። የሰው ልጅ ሲፈራ መጀመሪያ የሚያደርገው የያዘውን ማጥበቅ ነውና። ሞተሩ ደግሞ ተቃራኒውን ይፈልጋል፤ የፊት ጎማው ድንጋይ ሲመታ ወዲያና ወዲህ ይልና ከተዋችሁት ራሱን ያስተካክላል። ጨምድዳችሁ ከያዛችሁት የድንጋዩ ምት በክንዳችሁ አልፎ ትከሻችሁ ላይ ይጨርሳል፣ ከዚያ መሬት ላይ ናችሁ። የባሌ ፈረሰኞች ቁልቁለት ላይ ልጓሙን ላላ አድርገው ፈረሱ እግሩን ራሱ እንዲመርጥ ሲተዉት አይተናል። ሞተሩን የሠሩት መሐንዲሶች ፈረሰኞቹን አማክረው ይሆን እንዴ አልን።

ዓይን ደግሞ አለ። ከፊታችሁ ያለውን ድንጋይ ካያችሁት ትመቱታላችሁ፤ ይኼ አስማት የሚመስል እውነት ነው። አሥር አሥራ አምስት ሜትር አሻግራችሁ መስመራችሁን ነው የምታዩት።

የመሣሪያው ነገርም ያው ከመጠን ጋር የተያያዘ ነው። መካከለኞቹ የፊት ጎማቸው 21 ኢንች ነው፤ ትልቅ ክብ ድንጋዩን በቀላሉ ይወጣዋል፣ ትንሽ ክብ ግን ይጋጨዋል (ባለ ጋሪ ጠይቁ)። ቸርኬያቸው ባለ ሽቦ ነው፤ ድንጋይ ሲመታው ይለመጣል እንጂ እንደ ተቀለጠው ቸርኬ አይሰነጠቅም፣ የተለመጠውን ደግሞ ጎባ ያለ ጎሚስታ በመዶሻ ይመልሰዋል። የሞተሩ ሆድ ሥር ብረት ተደርጎለታል፤ ያ ብረት ባይኖር ዘይታችንን ሳነቴ ላይ አፍስሰን በአይሱዙ ነበር የምንመለሰው። የጎማ ንፋስ አስፋልት ላይ ከነበረው ትንሽ ይቀነሳል፣ ከሠላሳዎቹ ወደ 25 ገደማ፣ ጎማው ድንጋዩን ተለስልሶ እንዲይዝ። ከዚያ በታች መውረድ ግን አሸዋ ላይ እንጂ ድንጋይ ላይ አያዋጣም፤ ካላማዳሪው በቸርኬውና በድንጋዩ መሃል ተቀርቅሮ እባብ የነከሰው ይመስል ሁለት ቀዳዳ ያወጣል። ይህን ሁሉ ትልቋ ላይም ማድረግ ይቻላል? ይቻላል። ግን ያው ድንጋይ፣ ያው ቸርኬ፣ ከላይ ግማሽ ኩንታል ተጨምሮበት።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይብሳል። ከአምባው ጠርዝ ወደ ሪራና ወደ ሐረና ደን ስትወርዱ መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ጉም ይመጣል፣ ድንጋዩ ይረጥባል። አንደኛ ማርሽ ላይ አድርጋችሁ ሞተሩ ራሱ እንዲይዛችሁ ትተዋላችሁ፤ የኋላውን ፍሬን ትረግጣላችሁ፤ የፊቱን በአንድ ጣት፣ እንቁላል እንደያዘ ሰው። አዳዲሶቹ ሞተሮች ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ፍሬን አላቸው። አስፋልት ላይ ነፍስ ያድናል። የላላ ጠጠር ቁልቁለት ላይ ግን ፍሬኑን እየያዘ እየለቀቀ፣ እየያዘ እየለቀቀ ወደ ገደሉ ያስጠጋችኋል፤ ስለዚህ የኋላውን ማጥፊያ ያላት ሞተር ያስፈልጋል። እዚህ ቁልቁለት ላይ ነው ክብደት ማንነቱን የሚያሳያችሁ። ዳገት ላይ ጎትቶ ያስቀራችኋል፤ ቁልቁለት ላይ ግን ከኋላ ይገፋችኋል፣ ለዚያውም እናንተ ባልመረጣችሁት ሰዓት።

አሥራ አንድ ጊዜ ወድቀናል። ቆጥረናል። ሁሉም ቀስ ያሉ ውድቀቶች ናቸው፤ ሞተሯ ትቆማለች፣ እግራችሁን ትዘረጋላችሁ፣ መሬቱ ካሰባችሁት አሥር ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይገኛል፣ በቃ። (ቴኔሬዋ መቀመጫዋ 87 ሳንቲ ሜትር ተኩል ከፍ ይላል፤ እኛን መሰል ቁመት ላለው ሰው ይኼ ትንሽ ስድብ ነው። የመጀመሪያዋ ሂማላያን በ80 ሳንቲ ሜትር ታርቃናለች።) የወደቀን ሞተር ማንሳት ጥበብ እንጂ ጡንቻ አይደለም። ጀርባችሁን ለሞተሩ ትሰጣላችሁ፣ ቁጢጥ ትላላችሁ፣ አንድ እጅ መሪው ላይ፣ አንድ እጅ ኋላ ብረቱ ላይ፣ ከዚያ በእግራችሁ ወደ ኋላ እየተራመዳችሁ ትገፉታላችሁ። ከመካከላችን 52 ኪሎ የምትመዝን አለች፤ 200ውን ኪሎ ብቻዋን አንስታዋለች። ሦስተኛው ላይ ግን ተቀምጣ ጭንቅላቷን ይዛ ሩብ ሰዓት ቆየች። 4,000 ሜትር ነው። 268 ቢሆን ኖሮ ሁለተኛውንም አታነሳውም ነበር፤ ብቻዋን ብትሆን ደግሞ እዚያው ታድራለች። ሳነቴ ማታ ማታ ውኃ ይረጋል።

ለእኛ ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ብቻችሁን የማታነሱት ሞተር የእናንተ ሞተር አይደለም። በከተማ ውስጥ ብትወድቁ አሥር ሰው ይሮጥላችኋል፣ አሥራ አምስቱ ምክር ይሰጣችኋል። ተራራ ላይ የሚያልፈው ሰው ሁለት ሰዓት ሊቆይ ይችላል። እኛ አሥራ አንደኛውን ስናነሳ ያገኙን አባባ በፈረስ ነበሩ፤ ብርድ ልብሳቸውን ተጀቡነው ከላይ አዩን። ከእኛ መሃል ኦሮምኛ የምትችለዋ አስረዳቻቸው። ፈረስ ሲወድቅ ራሱ እንደሚነሳ ነግረውን መንገዳቸውን ቀጠሉ። መልስ አልነበረንም።

አሁን ወደ ታላላቆቹ እንምጣ፤ የካፌው ወንድማችን የእኛን ምስክርነት አይቀበልምና። እ.ኤ.አ. በ2004 ኢዋን ማክግሪገርና ቻርሊ ቦርማን የተባሉት ተዋንያን ከለንደን ተነስተው ምሥራቁን ዓለም ዞረው ኒው ዮርክ ሲገቡ የነዱት ትልልቆቹን ቢኤምደብሊው ነበር። የዚያች ሞተር ዝና በዓለም የናኘው በአብዛኛው በእነሱ ፊልም ነው። ሞንጎሊያ ላይ ግን የካሜራ ባለሙያቸው የክላውዲዮ ፎን ፕላንታ ሞተር ሻንሲው ተሰበረ። እሱም ምን አደረገ? እዚያው አገር ቀይ፣ ሩሲያ ሠራሽ፣ 350 ሲሲ ገደማ የሆነች ኢዥ ገዝቶ ጉዞውን ቀጠለ። ከፊልሙ ውስጥ እኛ የማንረሳት እሷን ነው። እነዚሁ ሰዎች በ2007 ከስኮትላንድ ኬፕ ታውን ሲወርዱ በእኛም አገር አልፈዋል፤ የአሁኑ ካፌ ፎቶ ሥሩ እዚያ ድረስ ሳይሄድ አይቀርም።

የዳካር ውድድርን ደግሞ ተመልከቱ። በምድር ላይ ከባዱ የሞተር ውድድር ነው ይባላል፤ ከ2020 ጀምሮ ሳውዲ ዓረቢያ ውስጥ ይካሄዳል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከ450 ሲሲ በላይ የሆነ ሞተር አይወዳደርበትም። እዚያ የሚነዱት በዓለም ምርጦቹ ናቸው። ለእነሱ 450 ከበቃ፣ ከሰሚት ተነስቶ ሱሉልታ ለሚደርስ ሰው 1250 ምን ሊሠራለት ነው?

ስለ ዳካር ከተነሳ አንድ ሰው ሳንጠቅስ አናልፍም። ዑቤር ኦሪዮል ይባላል። ፈረንሳዊ ነው፤ የተወለደው ግን አዲስ አበባ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1952። ቅጽል ስሙ «አፍሪካዊው» ነበር። በ1981ና በ1983 ዳካርን በሞተር አሸነፈ፣ በ1992 ደግሞ በመኪና፤ በሁለቱም ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ1987 እየመራ ሳለ መጨረሻው አካባቢ ወደቀ፤ ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶቹ ተሰበሩ። እንደዚያ ሆኖ ተነስቶ የዕለቱን መስመር ጨርሶ ገባ። በጥር 2021 አረፈ። የአዲስ አበባ ልጅ ሆኖ ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው አለ፤ ስሙን የሚያውቅ የከተማችን ሞተረኛ ግን ስንት ነው? ሲሲውን በቃሉ የሚያውቀው ትውልድ ሰውየውን አያውቀውም። ያሳዝናል፣ የምር።

እኛን የበለጠ የሚቆረቁረን ሌላ ነገር አለ። ይህን «አድቬንቸር» የሚሉትን ነገር በየቀኑ የሚሠሩት ሰዎች በማንም ፊልም ላይ የሉም። የእንስሳት ክትባት በበረዶ ሳጥን ይዞ ከቀበሌ ቀበሌ የሚወጣው የእንስሳት ሐኪም፣ የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ሠራተኛዋ፣ ጭንጫውን፣ ወንዙን፣ ገደል አፋፉን በ125 ሲሲ ይጨርሱታል። ጓንት የለም፣ ጉልበት መከላከያ የለም፣ ብዙ ጊዜ ሄልሜትም የለም። ከኋላ አንድ ሰው፣ አንዳንዴ ሁለት፣ አንዳንዴ በግ። እነሱ ይህን ሥራ ይሉታል። እኛ ግን በዓመት አንዴ ወጥተን አሥራ አንድ ጊዜ ወድቀን ስንመለስ ጀብዱ እንለዋለን። ቅድም መካከለኛዋም ትበዛ ይሆን ያልነው ለዚህ ነው። ወደ ሪራ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ እኛ ቆመን ድንጋዩን ስናጠና አንድ ልጅ በሕንድ ቦክሰር፣ ካቴናዋ እየተንኳኳ፣ ከኋላው ሁለት ጆንያ ጭኖ «ሰላም ናችሁ?» ብሎን አለፈ። ወደ ላይ ነው የሚሄደው!

ታዲያ ለምን ትንሿን ብቻ አንልም? ምክንያቱም ከአዲስ አበባ ሮቤ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ አስፋልት አለ። በ125 ሲሲ ያንን መንገድ፣ አይሱዙ ከኋላችሁ ጡሩንባውን እየነፋ፣ አንሞክረውም። መካከለኛዋ በሰዓት ዘጠና መቶ ይዛ ሳትጨነቅ ታደርሳችኋለች፣ ማግሥቱን ድንጋይ ላይ ትወጣላችሁ። ትልቋ አስፋልቱ ላይ ትበልጣለች፤ ይህን አንክድም፣ ወገብም ታሳርፋለች። እኛ የምንለው ድንጋዩን ነው።

ከተማዋ ውስጥ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለን። በ2011 ዓ.ም ከሰኔ 30 ጀምሮ የአዲስ አበባ አስተዳደር ከተፈቀደላቸው የሥራ ሞተሮች በስተቀር ሞተር ሳይክል በከተማዋ እንዳይንቀሳቀስ አገደ። ምክንያቱ ዝርፊያ ነበር፤ ቦርሳና ስልክ በሞተር እየተነጠቀ ነው ተባለ። መነጠቁ እውነት ነው፣ ከእኛም መሃል የተነጠቀች አለች። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሞተር በብዙ ሰው ዓይን ተጠርጣሪ ሆኖ ቀረ። ሌባ በሸሸበት ሁሉ የሚታገድ ቢሆን ኖሮ ሚኒባስም ባልቀረልን። ዛሬ ምግብና ዕቃ የሚያደርሱት ልጆች ሞተርን ለከተማው ዓይን መልሰው እያለማመዱት ነው፤ ምስጋና ይግባቸው። ነገር ግን በመሃሉ አንድ ነገር ጠፋ፤ ሰፈር ውስጥ በታላቅ ወንድም ወይም በጎረቤት ሞተር እየተማሩ ማደግ። ለሴት ልጅማ መጀመሪያም ጠባብ በር ነበር። «ትወድቂያለሽ» ይሏታል። አዎ ትወድቃለች። ወንዱም ይወድቃል፤ ልዩነቱ እሱ ሲወድቅ «ልምድ ነው» መባሉ ነው።

መንጃ ፈቃዱስ? ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ ዞራችሁ ታልፋላችሁ። ይህችን የተራራ አገር ለሚነዳ ሰው ዳገት ላይ ሞተር ማስነሳት፣ ጠጠር ላይ ፍሬን መያዝ፣ የወደቀውን ማንሳት ማን ያስተምረዋል? ገጠር ለሚመደበው ወጣት ባለሙያ ይህ የእረፍት ቀን ጨዋታ አይደለም፤ ደሞዙን የሚያገኝበት ነው፣ አንዳንዴም የሚሞትበት። ማሠልጠኛዎቹ ድንጋይ የፈሰሰበት ሃምሳ ሜትር መሬት ቢኖራቸው ምን ይጎድልባቸዋል? በየከተማው ዙሪያ የተተወ የድንጋይ ካባ ሞልቷል። ትልቅ በጀት አይጠይቅም፤ አንድ ገልባጭ ኮረትና ሁለት ቀን የሚያስተምር ሰው ነው። መሥሪያ ቤቶቹም ሞተር ሲያድሉ ሄልሜትና ጓንቱን አብረው ያድሉ። ሞተር ገዝቶ ሄልሜት ላይ የሚቆጥብ ባለሥልጣን ራሱ ከኋላ ተቀምጦ አንዴ ወደ ሪራ ይውረድ።

የእኛ የከተሞቹስ ድርሻ? አንደኛው ከመንገዱ አለመውጣት ነው። ሳነቴ ላይ ሜዳው ሰፊ ስለሆነ መንገዱን ትታችሁ ሣሩ ላይ ብትነዱ ደስ ይላችኋል፣ ፎቶውም ያምራል። ከሣሩ ሥር ግን ፍልፈሎቹ አሉ፤ ፍልፈሎቹን የሚበላው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 አይበልጥም፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነውም ያለው እዚያው ባሌ ነው። በብርዱ ምክንያት እዚያ የተጎዳ ሣር ቶሎ አይድንም፤ የአንድ ቀን የጎማ መስመር ለዓመታት ይታያል። ፓርኩ በ2023 በዩኔስኮ መዝገብ የገባው ለሞተር መጫወቻ አይደለም። መንገዱ የሕዝብ ነው፣ አውቶቡሱም አይሱዙውም ያልፉበታል፣ እኛም እናልፋለን፤ ቀስ ብለን፣ ቀበሮው ሲሻገር ቆመን። ጉም ውስጥ በፍጥነት የሚሄድ ነገር ሁሉ ገዳዩ ነው።

ሰሜኑን እንመኛለን። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ የቆረጡት የሊማሊሞ ጠመዝማዛ፣ ከደባርቅ በጨነቅ አድርጎ ቧሂት ላይ ከ4,200 ሜትር በላይ የሚወጣው መንገድ፣ ለዚህች ክርክራችን ከሳነቴ የበለጡ ምስክሮች ነበሩ። በ2015 ዓ.ም ክረምት አማራ ክልል ውስጥ የተቀሰቀሰው ግጭት ከዕቅዳችን አወጣቸው። ባሌም ቢሆን ከመነሳታችሁ በፊት ሮቤ ወይም ጎባ ላለ ሰው ደውላችሁ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ፤ የጎማ ንፋስ ከመለካታችሁ በፊት የሚለካው እሱ ነው።

ለካፌው ወንድማችን አንድ ግብዣ አለን። መካከለኛዋን እናስጋድማታለን፣ ቤንዚኗ እንዳይፈስ ቧንቧዋን ዘግተን፣ ካፌው በር ላይ። ብቻውን ያንሳት። አስፋልት ላይ ነው፣ 2,400 ሜትር ላይ፣ ቁርሱን በልቶ። ካነሳት ማኪያቶው በእኛ ነው። ከዚያ ሃምሳ ኪሎ ጨምረንባት እንደገና እናስጋድማታለን።